የጀርመን አገሩ ስለቴ

ውይ ሆዴን! ቆይ ሳቄን ልጨርስ፤ ጉዱ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ሳባ የነርስነት ፈተናዋን ውጤት ስትጠብቅ፣ ሁለታችንም ለንደን ቤታችን መቀመጥ አቃተን። በጥር ብርድ ቲኬት ርካሽ ነው ብላ አንዲት ጥንታዊ የጀርመን ከተማ ወሰደችኝ። ጎብኚ የለ፣ ሱቁ ዝግ። እሷ ሻይ ፍለጋ ስትሄድ እኔ ስንቆራጠጥ ማማ ያለው አሮጌ ሕንፃ አየሁ። ቤተክርስቲያን መስሎኝ በሩን ተሳለምኩና፣ «የዚህ ደጅ ባለቤት ሆይ፣ ሳባን አሳልፍልኝ፤ ጃንጥላ አስገባለሁ!» ብዬ ተሳልኩ። አፌን ሳልዘጋ በሩ ተከፍቶ አንድ ሰውዬ የቢራ በርሜል እያንከባለለ ወጣ። ሳባም ስልኳን ይዛ «አለፍኩ! አለፍኩ!» እያለች ከተፍ። ስለቴን ስነግራት ሰውዬውንና በርሜሉን አየት አድርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፦

«እቴቴ፣ ታዲያ ጃንጥላውን ለቢራ ቤቱ ልናስገባ ነው?»