ገበያ ያወጣኋቸው መጻሕፍት

የቅጂ መብት አዋጅ በሬዲዮ በሚወራበት ሰሞን ከፍኖተ ሰላም ወደ ሽንዲ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ከመሄዴ በፊት ጓዜን ለማቅለል መጻሕፍቴን ገበያ አውጥቼ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘረጋኋቸው። አጠገቤ ልብስ የሚሰፉት ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ መጽሐፍ የሚሸጥ ይታሰራል አሉ» አሉኝ። በገንዘቤ የገዛሁትን ማን ሊከለክለኝ ብዬ ተቆጣሁ። መጽሐፎቹ ላይ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለውን ሳነብ ግን ላብ አጠመቀኝ።

ወዲያው አንድ ፖሊስ መጥቶ አንዱን መጽሐፍ ገለጠ።

«አባዝተህ ነው የምትሸጥ?»

«ኧረ ከዚህች ያለችኝ አንድ ናት፤ እኔም ከዚሁ ገበያ ነው የገዛኋት።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል? የተከለከለው ማባዛት ነው።» የመጀመሪያው ገጽ ላይ የደበዘዘ ስም አሳየኝ። «ተማሪ ሳለሁ የሸጥኳት የእኔው ናት። ስንት ትላታለህ?»

ነፍሴ መለስ ስትልልኝ፣ የድንጋጤዬንም ጨምሬ እጥፍ ጠራሁበት።