የመይሙና ለስላሳ እጆች

መይሙና ድሮ ጫት ስታስር እጇን አታይም ነበር። ከደንበኛ ጋር እየተከራከረች፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም እያለች፣ ጣቶቿ በራሳቸው ይመርጡ፣ ይደረድሩ፣ ያስሩ ነበር። ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዓይኗን ከጣቶቿ ላይ መንቀል አልቻለችም። ምክንያቱን በአሰበ ተፈሪ ገበያ የሚያውቅ አልነበረም። ከቀኝ እጇ ትንሿ ጣት የጀመረ መደንዘዝ ቀስ እያለ ሁለቱንም መዳፎቿን ወስዶባት ነበር። ቢላዋ ቢቆርጣት ወይም ፍም ቢነካት የምታውቀው ደሙን ስታይ፣ አለዚያም ቆዳው ተልጦ ስታገኘው ነው።

ባሏ በድሪ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ከሚሊሺያው ጋር ዘምቶ አልተመለሰም። ልጅ አልነበራቸውም። ለእሷ የቀረላት ከመናኸሪያው በታች በጫት ተራ ያለች አንዲት መቀመጫ ናት። ያቺ መቀመጫ ደግሞ የምትቆየው እጇ እስከቆየ ድረስ ነው። ጫት ሰው ወደ አፉ የሚከተው ነገር ስለሆነ፣ የቆሰለ እጅ ካሰረው ማንም አይገዛም።

ሰው እንዳያያት ብላ በደሳ ድረስ ሄደች። እዚያ ጤና ጣቢያ ያገኘችው ድሬሰር ተሻለ የሚባል ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ዓይኗን አስጨፍኖ እጇን በላባ ነካካት።

«የት ላይ ነው የነካሁሽ?»

«ገና አልነኩኝም እኮ» አለችው።

ላባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ነገራት። የሥጋ ደዌ ነው። ክኒኑን ሳታቋርጥ ከዋጠች በሽታው ይቆማል፣ ወደ ሌላ ሰውም አይሄድም። የሞተው ስሜት ግን አይመለስም።

«ጣት የሚያሳጣው በሽታው ራሱ አይደለም፣ ቁስሉ ነው» አላት። «የደነዘዘ እጅ አያልበውም፣ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቆዳሽ ካልተሰነጠቀ ጣትሽ ያንቺ ነው። የማሳይሽ ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። በየቀኑ ማድረግ ብቻ ነው።»

ያሳያት ነገር በእርግጥ ቀላል ነበር። ጠዋትና ማታ እጇን በቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ትዘፈዝፋለች። የጠጠረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ቀስ ብላ ትፈገፍጋለች። ከዚያ ሳትጠርገው፣ ገና እርጥብ ሳለ ዘይት ትቀባዋለች፤ ዘይቱ ውሃውን ቆዳው ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። በመጨረሻ ብርሃን ላይ ሆና እያንዳንዷን ጣት ታያለች።

«ውሃው ለብ ያለ እንኳ እንዳይሆን» አላት ተሻለ። «ትኩስ መሆኑን እጅሽ አይነግርሽም። ራስሽ ያልቀዳሽው ውሃ ውስጥ እጅሽን አታግቢ።»

መይሙና ይህን እንደ ሶላት ያዘችው። ዘይቱ በኩፖን ከቀበሌ ሱቅ የሚገኝ የኑግ ዘይት ስለነበር ከወጧ እየቀነሰች ለእጇ አደረገችው። ድስት ስታወርድ ወፍራም ጨርቅ ትይዛለች፤ ፍም በመቆንጠጫ እንጂ በእጇ አትነካም። በየወሩ ቡና ልግዛ እያለች በደሳ ትሄድና ክኒኗን ይዛ ትመለሳለች። በዓመቱ እጇ እንደ ሙሽራ እጅ ሆነ።

ይህን መጀመሪያ ያየችው ሙሉመቤት ናት፣ የባለሱቁ የአሰግድ ሚስት። ሁለቱን ሴቶች የሚለያቸው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር። ሙሉመቤት አንድ ቀን ጫት ስትገዛ የመይሙናን እጅ አፈፍ አድርጋ ገለበጠችው።

«አንቺ፣ ይህ የጫት ነጋዴ እጅ ነው ወይስ የደጃዝማች ሚስት?»

«አቦ ተይኝ።»

«ድስቱን በጨርቅ፣ ፍሙን በመቆንጠጫ። አብዮቱ አንቺ ቤት አልደረሰም እንዴ? ለቀበሌ ነው የምናገርብሽ፣ ፊውዳል ሸሽጋለች ብዬ።»

«ውሃና ዘይት ነው፣ ወላሂ ሌላ የለውም።»

«እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነኝ። ይኸው፣ የአዞ ጀርባ።»

«ከደረቀ በኋላ ስለምትቀቢው ነው። ገና እርጥብ እያለ ነው የሚቀባው» አለች መይሙና። ካለችው በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አልቻለችም።

እንዲህ ተጀመረ። እሑድ እሑድ ከሴቶች ማኅበር ስብሰባ በኋላ ሙሉመቤት ሳፋዋን ይዛ ትመጣለች። ቀጥላ ከመይሙና አጠገብ ጫት የምትሸጠው ሞሚና መጣች፤ ከዚያ እማማ ወለተሥላሴ፣ በስተርጅና ተረከዛቸው የተሰነጠቀ። መይሙና ሁሉም የየራሷን ሳፋ እንድታመጣ አዘዘች። በሽታው እንደማይተላለፍ ተሻለ ቢነግራትም ልቧ አላረፈም ነበር። ለእነሱ ግን «ለንጽሕና ነው» አለቻቸው።

ደህና አስተማሪ ሆነች። ለጀማሪ ድንጋይ አትሰጥም። የመጀመሪያው ሳምንት መዘፍዘፍና መቀባት ብቻ ነው፤ ቆዳው ሲለሰልስ ድንጋዩ ይመጣል፣ እሱም ለተረከዝና ለመዳፍ እንጂ ለፊት አይደለም። ሞሚና በኮንትሮባንድ ከድሬዳዋ የመጣ የሚያቀላ ክሬም ልትገዛ ስትል ከለከለቻት።

«ፊትሽን ማታ በውሃ ታጠቢ። የልብስ ሳሙና አታስነኪው። አንድ ጠብታ ዘይት በቂሽ ነው፣ ቀን ደግሞ ሻሽሽን ወደ ግንባርሽ ሳብ አድርጊ።»

«ይኸው ነው? ይህንማ ለፍየሌም አደርግላታለሁ።»

«ለፍየልሽ በየቀኑ ታደርጊያለሽ። ለራስሽ ሦስት ቀን አድርገሽ ትተዪዋለሽ።»

ሴቶቹ ሳቁ። መይሙና በድሪ ከሄደ ወዲህ ቤቷ ሰው ሞልቶት አያውቅም ነበር። ደግሞም አንድም ውሸት አልተናገረችም። የምትላቸው ሁሉ እውነት ነው፤ የደበቀችው ለምን እንደተማረችው ብቻ ነው።

በታኅሣሥ 1976 ዓ.ም. አንድ እሑድ ካፊያ ይጥል ስለነበር ሙሉመቤት ሁሉንም ወደ ራሷ በረንዳ ጠራች። ብርዱ አጥንት ይገባል። መይሙና ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፏ ያሳዝናት ስለነበር ዛሬ እንኳ ለብ ያለ ይድረሳት ብላ የፈላ ውሃ ከእሳት ላይ አውርዳ ሳፋ ውስጥ ገለበጠች። እንዳይበርድ በፎጣ ሸፈነችውና የምትበርዝበትን ውሃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ሄደች።

መይሙና በዚህ መሀል ደረሰች። ሳፋው ለእሷ በተተወው በርጩማ ፊት ተቀምጧል። ሞሚና የሰውን ሁሉ ጆሮ ይዛ ታወራ ነበር።

«የሚኤሶው ሹፌር እጄን ይዞ አልለቅም አለኝ። ይህ እጅ ጫት ሲያስር ያሳዝናል ይለኛል። በዚያው የብሩን መልስ ረስቶ ሄደ።»

«እንግዲያ የዘይትሽን ወጪ እሱ ቻለው በይኛ» አለች መይሙና፣ እየሳቀች ቁጭ አለችና እጆቿን ከፎጣው ሥር አስገባች።

ሙሉመቤት ማሰሮ ይዛ ተመለሰች። «ቆይ፣ ገና አልበረዝኩትም» አለች። ከዚያ ከፎጣው ዳር የሚወጣውን እንፋሎት፣ አንጓቸው ድረስ የጠለቁትን እጆች አየች። አልገባትም። ጎንበስ ብላ አንድ ጣቷን ነከረችና ጮኻ አወጣችው። መይሙና ወሬዋን አላቋረጠችም፤ ሹፌሩ ሚስት እንዳለው እየጠየቀች ነበር።

«ልጄ፣ እጅሽን አውጪው» አሉ እማማ ወለተሥላሴ፣ በጣም በቀስታ።

መይሙና ወደ ታች አየች። ከዚያ የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ አየች። ስትጨርስ ነው እጇን ያወጣችው።

«ውይ» አለች። «አቃጠለኝ።»

ዘግይታ ነበር። በዚያ አገር የማያመውን እጅ ትርጉም የማያውቅ ትልቅ ሰው የለም። እማማ ወለተሥላሴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተነሡ። ሞሚና የገዛ ሳፋዋን ውሃ ግቢው ላይ ደፋችና ሳፋውን ሳትወስደው ሄደች። ሙሉመቤት ማሰሮውን ታቅፋ ቆማ ቀረች።

«መይሙ፣ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል። ሐሳብ ይዞኝ ነው» አለች መይሙና። የእጇ ቆዳ በየቦታው ውሃ መቋጠር ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ እጆቿን በጨርቅ ጠቅልላ ገበያ ወጣች። አብዱላሂ የሚባለው ነጋዴ ለስድስት ዓመት ከእሷ እየገዛ ወደ ድሬዳዋ ሲልክ የኖረ ሰው ነው። መጥቶ ቆመ፣ ጨርቁን አየ።

«ዛሬ ሞልቶልኛል፣ እህቴ» አለ። በእጁ የያዘው ጆንያ ባዶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጫቱ ጠወለገ። ወስዳ ለፍየሎች በተነችው። የፍየሎቹ ባለቤት ከቤት ወጥታ ከላዩ ላይ አባረረቻቸው።

በደሳ ሄደች፤ ተሻለ ጨርቁን ፈታ። አጥቦ፣ ቀብቶ፣ እንደገና ጠቀለለው። ሁለት ወር እጇ ሥራ እንዳይነካ ነገራት። መይሙና ግን የመጣችበት ሌላ ጉዳይ ነበራት።

«ወረቀት ይጻፉልኝ። ትታከማለች፣ ወደ ሰው አይተላለፍም ብለው። ማኅተም ይኑረው።»

«የበሽታውን ስም ሳልጽፍ አይሆንም።»

«ይጻፉት።»

«አስበሽበታል? አሁን የሚያወሩት በግምት ነው። በወረቀት ሲሆን ሌላ ነው።»

አሰበችበት። ማንበብ አትችልም፤ የማኅተምን ኃይል ግን ታውቃለች። ስኳሩ በማኅተም ነው፣ መንገዱ በማኅተም ነው፣ ሰው የሚታሰረውም የሚፈታውም በማኅተም ነው። ማኅተም ያለው ነገር ሰው ይቀበላል ብላ አመነች። ወረቀቱን ለቀበሌው ሊቀመንበር ለአያና ሰጠችው።

አያና ክፉ ሰው አልነበረም። ሊረዳት ብሎ በእሑዱ ስብሰባ ላይ፣ ከአጀንዳዎቹ ሁሉ በፊት፣ በድምፅ ማጉያ አነበበው። የበሽታው ስም በወረቀቱ ላይ ሦስት ጊዜ ነበር። እንደማይተላለፍ የሚናገረው መጨረሻው ላይ ነው፤ እዚያ ሲደርስ አግዳሚ ወንበሮቹ እየተንጫጩ ነበርና ማንም አልሰማውም። እስከዚያ ቀን የሚጠራጠሩም ነበሩ፣ ሐሜት ነው የሚሉም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በማኅተም አወቀ።

«እኔ ሰው አልጠላም» አለ አሰግድ ለሚስቱ ያን ማታ። «ግን ሱቅ ነው ያለኝ። እዚያ ገብተሽ ከወጣሽ ስኳሩን ከእጅሽ ማን ይቀበላል?»

 ሙሉመቤት ከዚያ ወዲያ የመይሙናን ደጃፍ አልፋ አልገባችም። በየማለዳው አንድ ማሰሮ ውሃ በሩ ላይ ታስቀምጥና ወደ ቁልቋሉ አጥር ትመለሳለች።

«ቀዝቃዛ ነው» ትላለች ከዚያ ሆና።

«አውቃለሁ» ይላል ድምፅ ከውስጥ።

አንድ ጠዋት ሙሉመቤት ከአጥሩ ሳትንቀሳቀስ ብዙ ቆየች። «ለብርዱ ብዬ ነው እኮ» አለች።

«አውቃለሁ፣ ሙሉ። ክፉ አላሰብሽም።»

«እኔ...»

«ቤትሽ ግቢ። ባልሽ ይጠብቅሻል።»

ቁስሉ ግራ እጇ ላይ ዳነ። በቀኙ ግን አጥንት ደረሰ፤ በየካቲት ሁለት ጣቶቿን ቆረጧት። የቀሩት ሦስቱ ወደ ውስጥ ታጥፈው ደረቁ። ልጥ መሳብ፣ ቋጠሮ ማጥበቅ አይችሉም። ሚኤሶ ያለች የአክስቷ ልጅ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ቤት ያላት፣ ነይ አለቻት። መይሙና ሳፋዋን፣ ድንጋዩንና የዘይት ጠርሙሷን በአንድ ጨርቅ ቋጥራ በመጋቢት መጀመሪያ ከቤቷ ወጣች።

ወደ ጭነት መኪናው የሚወስደው መንገድ በጫት ተራ መሀል ነው። ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ ሰላም ያላት ግን የለም። በእሷ መቀመጫ ላይ ሞሚና የሙዝ ቅጠሏን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ሁለቱን ቦታ አንድ አድርጋዋለች። መይሙናን ስታይ ፊቷን ወደ ጫቱ መለሰች። በችኮላ አንድ እስር ታስር ነበር፣ ልጡ ሁለቴ ሸሸባት።

መይሙና ቆመች። እጆቿ ከሻርፗ ሥር ነበሩ።

«ጠበቅ አድርጊው» አለች። «ሚኤሶ ሳይደርስ ይፈታል።»

ሞሚና ቀና አላለችም። «ቶሌ» አለች፣ እሺ ለማለት። ልጡን አንድ ዙር ጨምራ ሳበችው። እጆቿ ለስላሳ ነበሩ፤ በጥፍሮቿ ዙሪያ አንድም ስንጥቅ አይታይም፣ ጀርባቸው ላይ ማለዳ የተቀባ ዘይት ያበራል።

መይሙና ያን እጅ ቋጠሮው እስኪያልቅ ድረስ አየችው። ከላይ ከመናኸሪያው የጭነት መኪናው ሹፌር ጡሩምባ ነፋ።