በአስተርጓሚዋ ወንበር

ዶክትሬቴ በፍልስፍና ነው። ኮሌጅ እያስተማርኩ፣ ልጄ ከፍ ካለች በኋላ፣ ሳይኮአናሊሲስ የሚባለውን የንግግር ሕክምና የሚያሠለጥን ተቋም ገባሁ። ተቋሙ ከሐኪሞችና ከሶሻል ወርከሮች ሌላ እንደ እኔ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ጥቂት ሰዎችንም ይቀበል ነበር። እኩል ተማርን፤ በአሠልጣኞች ክትትል ታካሚ አየን፤ እኛም ራሳችን እንደ ታካሚ ሶፋ ላይ ተጋድመን ለዓመታት ተናገርን። ስንመረቅ እነሱ ቢሮ ከፈቱ፤ እኔ ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ። ለማከም የሚያስፈልገው የስቴት ላይሰንስ አልነበረኝም።

ከአሠልጣኞቼ አንዱ፣ «ሳይኮአናሊስት ነሽ። በር ላይ ግን እንዳትጽፊው» አሉኝ።

ብዙም አልከፋኝም። ሕጉ የሚጠብቀው ታካሚውን እንደሆነ አውቃለሁ።

አንድ ቀን እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምትኖር የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ኮል አደረገችልኝ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አባቷ ከሰው ጋር መነጋገር ትተዋል።

«አንቺ አታናግሪልኝም? ተምረሽው የለም እንዴ?»

«ላይሰንስ የለኝም። ባናግራቸውም እንደ ጎረቤት ነው እንጂ እንደ ሐኪም አይሆንም።»

«ታዲያ አማርኛ የሚችል ቴራፒስት ከየት ላምጣ?»

ሮክቪል ውስጥ ላይሰንስ ያላት አሜሪካዊት ተገኘች። አስተርጓሚ አስፈለገ። ኮሌጁ ለዕረፍት ሲዘጋ ክሊኒኮች ውስጥ አስተረጉማለሁና፣ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ እየነዳሁ መሄድ ጀመርኩ።

አዛውንቱ አባት ኮታቸውን ሳያወልቁ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ አካባቢ የሚያወሩት ስለ ጉልበታቸውና ስለ እንቅልፋቸው ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቴራፒስቷ ስለ ባለቤታቸው ጠየቀቻቸው።

«ጎበዝ ሴት ነበረች። ምግብ ቤታችንን ያቆመችው እሷ ናት። ሆስፒታል ልብስ ልቀይር ብዬ ትቻት ወጣሁ። ስመለስ...»

ወለሉን እያዩ፣ «ምናለ ትንሽ ብትጠብቂኝ?» አሉ።

ተረጎምኩ። በእንግሊዝኛ ግን «አንቺ» እና «እርስዎ» አንድ ናቸው። ቴራፒስቷ የሚያናግሩት እሷን መሰላት። «አጣደፍኩዎት» ብላ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። አዛውንቱ ግራ ገብቷቸው ቀና አሉ።

የሆነው ገብቶኛል። ምን ቢባል እንደሚሻልም የማውቅ መሰለኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነው። ወንበሩ ግን የእሷ ነበር። አስተርጓሚ ቋንቋን ማብራራት ብቻ ይፈቀድለታል። አንድ ቃል ላብራራ እንደሆነ ለሁለቱም በየቋንቋቸው አስታወቅኩና ለእሷ፣ «አንቺን የሚጠሩሽ በአክብሮት ነው። አሁን ያሉት ቃል ግን ለቅርብ ሴት የሚባል ነው» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም።

ቴራፒስቷ ወደ እሳቸው ዞራ፣ «እሷስ ምን ትመልስልዎታለች?» አለቻቸው።

«‹ሂድና አረፍ በል› ያለችኝ እኮ ራሷ ናት!» አሉ። ከዚያ አለቀሱ። የመጨረሻውን ቃል በተረጋጋ ድምፅ ተረጎምኩ።

ስንጨርስ ቴራፒስቷ ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ።

«ይህን ሥራ ተምረሻል?»

ነገርኳት።

«ታዲያ ራስሽን ምን ብለሽ ትጠሪያለሽ?»

«ተቋሙ ውስጥ ሳይኮአናሊስት፣ ኮሌጅ መምህርት፣ እዚህ አስተርጓሚ።»

ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

አዛውንቱ ለረጅም ጊዜ ተመላለሱ። አሁን ከሰው ጋር ይነጋገራሉ፤ ይህን እንድጽፍም ፈቅደውልኛል። እኔ ለሶሻል ወርክ ማስተርስ አመልክቼ ገባሁ፤ ላይሰንሱን ለማግኘት ያለኝ አጭሩ መንገድ እሱ ነው። ልጄ ስትሰማ «አጌን፣ ማሚ? እንደገና ትምህርት?» አለች። ክፍል ውስጥ ከእሷ እኩዮች ጋር እቀመጣለሁ። የመጀመሪያው ኮርስ ስለ ማዳመጥ ነው። ይሰለቸኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እስካሁን አልሰለቸኝም።