አፏ የገጠመ ዕለት

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት አፏን ነው። ጂቡቲ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ጠባብ ክፍል፣ አንዲት ወጣት ሴት ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ግድግዳ ተደግፋለች። ሻርፑ ርሷል። እኔን የያዙኝ፣ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ስብሰባ ላይ ስለ ታሰሩ ተማሪዎች በመናገሬ ነበር።

ኢትዮጵያዊት ስለ መሰለችኝ በአማርኛ ሰላም አልኳት። ሻርፑን ዝቅ ስታደርገው አፏ እንደ ተከፈተ ቀርቷል፤ አገጯ ወደ ፊት ወጥቷል፤ ለሃጯ ይወርዳል።

ጠባቂዋ በበሩ ቀዳዳ በሶማሊኛ፣ «አትድከሚ፣ ከትናንት ጀምሮ እልህ ይዟት ነው» አለችኝ። ልጅቷ የቤት ሠራተኛ መሆኗን፣ አሠሪዎቿ ዘንድ እነማን እንደሚሰበሰቡ እንድትናገር መፈለጉን የነገረችኝም እሷው ናት።

እልህ አልነበረም። በጥፊ ተመትታ መንጋጋዋ ከመገጣጠሚያው ወጥቷል።

የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ፈረንሳይ የዶክትሬት ጥናቴን የሠራሁት በዚያችው መገጣጠሚያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ውሎዬ ከራጅና ከኮምፒውተር ጋር ሆኖ፣ በሽተኛ በእጄ ከነካሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

«ልመልሰው እችላለሁ» አልኳት። «ግን መናገር እንደቻልሽ ካወቁ እንደገና ይጠሩሻል። እንዲህ መቆየት ይሻለኝ ይሆናል ካልሽም፣ አንቺው ወስኚ።»

እጄን ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

መሬት ላይ አስቀመጥኳትና ጭንቅላቷን ከግድግዳው አስደገፍኩ። አውራ ጣቶቼን በጨርቅ ጠቅልዬ የኋላ ጥርሶቿ ላይ አሳረፍኩ፤ ወደ ታች ተጫንኩ። ጡንቻዋ ድንጋይ ሆኗል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«ትንፋሽሽን ልቀቂው፣ እህቴ።»

ስትለቀው ቀጭ አለና ጥርሷ ጣቴ ላይ ገጠመ።

«እትዬ፣ ነከስኩዎት?» የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

አገጯን በሻርፗ አሰርኩላት፤ ስታዛጋም ሆነ ስትስቅ ከሥር በእጇ እንድትደግፈው ነገርኳት።

እንደ ፈራሁት ከሰዓት በኋላ ጠሯት። ቀሚሷን አራገፈች፤ ሻርፑን ፈትታ በወጉ ተከናነበች፤ ጠባቂዋን ቀድማ ወጣች።

ስጠብቃት የምርምር ክፍሌ ክፉኛ ናፈቀኝ። ሃያብለ የሚባለው የከተማዋ ሰፈር ልጆች ፊት እንዴት እንደሚያድግ በየዓመቱ ራጅ እያነሳን እንከታተል ነበር። የማነባቸው መጻሕፍት የሌላ አገር ልጆችን መንጋጋ ነው የሚያውቁት። በዚያ ሳምንት ተራቸው የደረሰ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር መጥተው፣ የተዘጋ በር አይተው ተመልሰው ይሆን?

ተመለሰች። ጉንጯ ቀልቷል፤ መንጋጋዋ ግን ቦታው ላይ ነው።

«ምን አልሻቸው?»

«ሻይ ሳቀርብ የእንግዳ ፊት አላይም አልኳቸው።»

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አገጯን ደገፈች።

በማግስቱ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት፤ ዳግም አላየኋትም። እኔ ስፈታ ሥራዬ በሌላ ሰው ተይዞ ነበር። ጥናቱም ሳያልቅ ቀረ።

ዛሬ ድሬዳዋ፣ አባቴ ይነግድባት በነበረችው ከተማ፣ ወጣት የጥርስ ሐኪሞችን አስተምራለሁ። ስለ መንጋጋ ሳስረዳ የፕላስቲክ ቅል እይዛለሁ። አፉ በአንድ ጣት ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ምንም አይከብድም። ያን ጊዜ አውራ ጣቴን የሰው ትንፋሽ ሙቀት ይናፍቀዋል።