ያልተሰረቀው ግንድ

ግንዱ ዛሬም አልተሰረቀም።

ትንሿ ሌኒ ከመኪናው ዘላ ወርዳ ጭቃውን እየረገጠች እስከ ጅምሩ ቤት ሥር ሮጠችና ቀጥ ብላ ቆመች። "እማዬ! አሁንም እዚሁ ነው!" ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ዕቃዬ አልጠፋም ብሎ የሚያለቅስ ልጅ በእኛ አገር እንጂ የትም አይገኝም።

በእኛ በባቫሪያ መንደሮች ቤት የሚሠራ ሰው፣ ጣራው አናት ላይ የሚያርፈውን ረጅም ግንድ ጎረቤቶቹ ካልሰረቁት ቤቱ ቤት አይባልም። ተሸክመው ይወስዱና አንዱ ጎተራ ውስጥ ይደብቁታል። ባለቤቱ ደግሞ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ይህን ያህል ቢራ፣ ይህን ያህል የአሳማ ጥብስ እያለ ተከራክሮ ያስመልሰዋል። ግንዱን ማንም ያልነካበት ሰው ወይ የሚያስፈራ ጠባቂ አለው፣ ወይ የሚወደው ሰው የለውም። ቡርጊና ባሏ ፋይት ጠባቂ ይቅርና የሚጮህ ውሻ እንኳ አላሰሩም።

"ሌቦቻችን ሰነፉ" አለ ፋይት የሻዩን ፔርሙዝ እየከፈተ። ፋይት ከወዲያኛው ሸለቆ የመጣ የአውቶብስ ሾፌር ነው። ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ሲገባው ደግሞ ይስቃል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ሦስቱም የጣውላ ክምር ላይ ተቀምጠው፣ ዳቦና አይብ እየበሉ ቤታቸው ሲያድግ ማየት ልማዳቸው ነው። ሌኒ መስኮቷን መርጣለች። ፋይት ወንበሩን የሚያስቀምጥበትን ጥግ አውቆታል። ቡርጊ ግን ግድግዳው በጨመረ ቁጥር ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች።

ግንዱ ለምን እንዳልተሰረቀ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በመንደሩ የግንድ ሌቦች አለቃ ታላቅ ወንድሟ ኮርቢኒያን ነው። የቄሱን አዳራሽ ግንድ ሳይቀር በትራክተር ጎትቶ ወስዷል። እሱ ካልተነሳ ማንም አይነሳም። እሱ ደግሞ ከአባታቸው ቀብር ወዲህ የእህቱን ደጃፍ አልረገጠም።

አባትየው ሆስፒታል ተኝቶ፣ ከአልጋው አጠገብ ማንም በሌለበት፣ "የወንዙ ዳር መስክ ለኮርቢ ይሁን፤ ላሞች ያሉት እሱ ነው። ለጠበቃው ንገሪልኝ" ብሏት ነበር። "እሺ አባባ" አለች፤ እነግራለሁ ብላም አስባ ነበር። ዛሬ ነገ ስትል ሰውየው ሞተ። በድሮው የኑዛዜ ወረቀት ደግሞ መስኩ የእሷ ሆኖ ቀረ። ኮርቢኒያን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቃት፤ "አባባ መጨረሻ ላይ ስለ መስኩ ምንም አላነሳም?" ቡርጊም ዓይኑን ሳታይ "ምንም" አለች። ይኸው አሁን በዚያ "ምንም" ላይ ቤት እየተሠራ ነው። ስትተኛም ስትነሳም ያቺ አንዲት ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ናት።

አናጢው "ነገ ጣራውን እንሰቅላለን" ሲላቸው ከዚያ በላይ አልቻለችም። ባሏንና ልጇን ሸኝታ በቀጥታ ወንድሟ በረት ገባች። ኮርቢኒያን በመንሽ ድርቆሽ እየበተነ ነበር።

"ጣራው ነገ ሊወጣ ነው" አለችው።

"ሰምቻለሁ።"

"ግንዱ እዚያው ነው።"

"ግንድ እግር የለው፤ የት ይሂድልሽ?"

"አትቀልድብኝ፣ ኮርቢ! ስሙን እንኳ የማታውቀውን የዚያን የጥርስ ሐኪም ግንድ ሰርቀሃል። እኔ እህትህ ከእሱ አንሼ ነው?"

መንሹን መሬት ላይ ተከለና ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። "እኔ የተሰረቀ ነገር አልሰርቅም" አለ።

ቡርጊ ክው አለች። ልሂድ ብላ እስከ በሩ ሄደች፤ እዚያ ስትደርስ መዝጊያውን ይዛ ቆመች።

"ተናግሮ ነበር" አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። "'ለኮርቢ ይሁን' ብሎኝ ነበር። ደበቅኩብህ።"

"ለምን?" አለ ኮርቢኒያን።

"ወንዙ በመስኮት የሚታይበት ቤት አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

መንሹን አነሳና ሥራውን ቀጠለ። "በይ ሂጂ። በሩን ዝጊው፤ ጥጃዋን ይበርዳታል።"

በማግስቱ ጠዋት ሌኒ ገና ከመኪናው ሳትወርድ "ተሰረቅን! ተሰረቅን!" ብላ ጮኸች። ግንዱ የተጋደመበት ሣር ቢጫ ሆኖ ባዶውን ቀርቷል። ፋይት ሌኒን ብድግ አድርጎ ጭቃው ላይ ጨፈረ። ቡርጊ በመሀረቧ ፊቷን ሸፈነች። ባሏ የደስታ እንባ መስሎት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

እኩለ ቀን ላይ ሌቦቹ ተግተልትለው መጡ። ከጣውላ በተሠራው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ኮርቢኒያን በራስጌ በኩል።

"አንድ በርሜል ቢራ!" አለ ፋይት ደረቱን ነፍቶ።

"ለማን ነው? ለዶሮዎቹ?" አለ አንዱ፤ ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ።

"እሺ ሁለት! ከነጥብሱ!"

"ሰውዬው እየነቃ ነው!"

ኮርቢኒያን እጁን ሲያነሳ ዝም አሉ። "ቢራው ይበቃል። የቀረውን የምትከፍለው እህቴ ናት። ቡርጊ፣ ትናንት በረት ውስጥ ያልሽኝን እዚህ በዪው።"

ሰው ሁሉ ቀልድ እየጠበቀ ዞረባት። ቀልድም አፏ ላይ ደርሶላት ነበር፤ "ከላሞችህ አንተ ትሸታለህ ነው ያልኩት" ብትል ሁሉም በሳቅ ይሞት፣ ግንዱም ይመጣ ነበር። ሌኒ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ገና ከአሁኑ ትስቃለች። ቡርጊ ተነሳች።

"አባባ ይህን መስክ ለኮርቢ ነበር የሰጠው። ለእኔ ነበር የነገረኝ። ሳልናገር ቀርቼ ቤት ሠራሁበት።"

አንድ ሰው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ኮርቢኒያን ብድግ ብሎ ለሰዎቹ "ግንዱን አምጡላቸው" አለ።

የግንዱን የፊት ጫፍ የተሸከመው እሱ ራሱ ነው። አናጢው ጣራው ላይ ቆሞ ቤቱን መረቀ፤ የጠጣበትንም ብርጭቆ ወርውሮ ሰበረ፤ እንደ ወጉ ተጨበጨበ። ቡርጊ ከጥብሱ ለስላሳውን ቆርጣ፣ ሳህን ሞልታ፣ ወንድሟ ላይ ደረሰች። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሊሄድ ነበር።

"የቀረውን መስክ ላሞችህ ይጋጡት።"

"ይግጡታል" አለ። "አንቺ አይደለሽም የሰጠሽኝ።"

"ብላ እንጂ፣ ኮርቢ። ይህችን ብቻ።"

"ዛሬ አይወርድልኝም። ቤቱ ሲያልቅ ጥሪኝ።"

መስኩን አቋርጦ ወደ በረቱ ሄደ። ጥሪኝ ያለው ከልቡ ይሁን ለወጉ ያህል አልለየላትም። ሳህኑን እንደያዘች ዞር ስትል ፋይት ከኋላዋ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል፤ ሁሉም ገብቶታል። አልሳቀም።