ያልጻፍኳት ትንሽ ሰረዝ

መምህር ሀብተማርያም ኮልፌ ያለችውን የጓሮ ክፍሌን የተከራየው ወጣት ሳለ ነው። ጠጉሩ የሸበተው እዚሁ ግቢዬ ውስጥ፣ ደብተር ሲያርም ነው። ኮሌጅ ሂሳብ ያስተምራል። ከፌርማታው ሲመጣ የተማሪ ደብተር ከብዶት አንድ ትከሻው ዘሞ ነው። ባለፈው ዓመት ከአርባ ተማሪዎቹ አስራ ዘጠኙ የገናን ፈተና ወድቀው ተሰናበቱ። ያን ሰሞን እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል።

"ሰሌዳ ላይ ስሠራ ዝም ብለው ያዩኛል፣ እማማ" አለኝ መስከረም ሲጠባ። "መሳሳታቸውን የሚያውቁት አርሜ ስመልስላቸው ነው፤ ያኔ ደግሞ ረስተውታል። ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ማስተማሩን እተወዋለሁ።"

ከዚያ ካርዶቹን አሰበ። ከስኳር ካርቶን ሃያ ቁራጭ ቆረጥን። በአንዱ ፊት ጥያቄ አለ፣ በጀርባው የሌላ ጥያቄ መልስ። ተማሪው ሠርቶ ያገኘውን ቁጥር ከሌሎቹ ካርዶች ጀርባ ይፈልጋል፤ ሲያገኘው የዚያን ካርድ ጥያቄ ይሠራል። ሃያውን ዞሮ መነሻው ላይ ከደረሰ ሁሉም ልክ ነው፣ አራሚ አይጠብቅም። መልሶቹን እሱ በእርሳስ ከጻፈበት ወረቀት እያየሁ ካርዶቹ ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ቢሆንም ጽሕፈቴ ንጹሕ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ሰሌኔ ላይ ተቀመጡ። ሀብተማርያም ጥቂት ሲያያቸው ቆየና ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አልቀሰቀስኩትም።

ጽጌማርያም የምትባል፣ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማትል ልጅ ሰባተኛው ካርድ ላይ ቆመች። አራት ጊዜ ሠራችው።

"አሁንም እዚያው ነሽ?" አላት ገብረአምላክ የሚባለው ጓደኛዋ። "እንግዲህ ፍራሽ ይነጠፍልሽ!"

"መልሴ የለም።" ደብተሯን አጠፈች። "ለእኔ አይሆንም። የገና ፈተና ሳይደርስ ብሄድ ይሻለኛል።"

አንድ ጫማዋን እንዳጠለቀች እጇ ቆመ። ደብተሯን መልሳ ገለጠች፤ ያገኘችውን ቁጥር ጥያቄው ውስጥ አስገብታ ሞከረችው፤ ልክ መጣላት።

"እማማ፣ ጀርባው ላይ አራት ያለበትን ካርድ ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

"ወረቀቱ ላይ ከአራቱ በፊት ሰረዝ አልነበረም?"

ነበረች፣ አጭር ሰረዝ። እርሳሱ ያዳለጠው መስሎኝ ለንጽሕና ብዬ ትቻታለሁ።

"ሰረዟ እኮ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው ማለት ናት" አለችኝ።

"ከዜሮ በታች ደግሞ ቁጥር አለ እንዴ?" አልኳት።

"አለ፣ እማማ!" ልጆቹ ሳቁብኝ፤ ፊቴ ጋለ። ጽጌማርያም ብቻ አልሳቀችም።

ሳቁ ሀብተማርያምን ቀሰቀሰው። ካርዱን አየ፣ ደብተሯን አየ። እርሳሱን ሰጣት። ሰረዟን ጫን አድርጋ ጨመረቻት፣ ጫማዋንም መልሳ አወለቀች።

ዘንድሮ የገናን ፈተና ወድቀው ከአርባው አስራ አንድ ልጆች ተሰናበቱ። ሀብተማርያም ያን ቀንም ምግብ አልነካም። ጽጌማርያም ግን አልፋለች።

ሰኞ ሌላ ካርቶን ታቅፎ በሬ ላይ ቆመ።

"እማማ፣ መቀሱ የት ነው?"

"እዚሁ አለ" አልኩት። "ሰረዞቹን ብቻ አድምቀህ ጻፍልኝ።"