ስለ ሠዓሊው ይነገር በነበረበት አዳራሽ

ባለፈው ሰሞን ለሥልጠና ተጠርተን አንድ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። መጋረጃው ተዘጋ፤ ፕሮጀክተሩ በራ፤ ወዲያው በአምፖል የተቃጠለ አቧራ ሸተተኝ። ቦርሳዬን አንስቼ በሩ አጠገብ ወዳለው ወንበር ሄድኩ። ባልደረባዬ በኋላ "አሞሽ ነበር እንዴ?" አለችኝ። "ሞቆኝ ነው" አልኳት። ላንተ ግን እውነቱን ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ አምቦ ውስጥ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ የበረታበት ዘመን ነው፤ ጎረምሳ ያለበት ቤት ሁሉ በሩን ቀን ጭምር ይዘጋል። ታላቅ ወንድሜ መጀመሪያ ጊንጪ አጎታችን ዘንድ ተደበቀ። እዚያም ፍተሻ ሲመጣ በእህል ጫኝ መኪና ተመልሶ የጓዳችን እስረኛ ሆነ። ጓዳው ያለችው አንዲት ትንሽ መስኮት ናት፤ እሷንም በካርቶን ሸፍነናታል። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ግድግዳው ላይ በከሰል ይሥላል፤ የእናቴን እጅ፣ የጎረቤታችንን አህያ፣ በድምፁ ብቻ የሚያውቀውን መንገደኛ። ግድግዳው ሲሞላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና ይጀምራል።

"የሰው ፊት እየጠፋብኝ ነው" አለን አንድ ቀን።

እናቴ "ኦብሲ፣ ኢልማ ኮ" አለችው በኦሮምኛ፤ ቻለው ልጄ ማለቷ ነው።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የሥዕል መምህራችን እሁድ እሁድ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ንግግር ጀመረ። የሚናገረው በአያቶቻችን ዘመን ወደ እኛ አካባቢ በእግሩ መጥቶ በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ሲሥል ስለኖረ አንድ ሠዓሊ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር የፈቀደለት ሠዓሊውን "በፊውዳሉ ሥርዓት የተጨቆነ የእጅ ባለሙያ" ብሎ ስላቀረበለት ነው። አዳራሹ ቀድሞ የእኛ የወንጌላውያን የጸሎት ቤት ነበር። ከተወረሰ ወዲህ እናቴ ደጁን ረግጣው አታውቅም።

እኔ ግን ሄድኩ። መምህሩ ቀጭን፣ ሲናገር አንድ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው ነበር። ስላይዶቹን በየገጠሩ ዞሮ ያነሳቸው ራሱ ነው። ሠዓሊው ቀዩን ቀለም ከምን ዓይነት አፈር እንዳወጣ፣ ሙጫውን ከቆዳ እንዴት እንዳፈላ፣ ደጎቹን በሁለት ዓይን ክፉዎቹን ግን በአንድ ዓይን ብቻ ለምን እንደሣለ ነገረን። "የዚህችን ቅድስት ፊት ከየት ያገኘው ይመስላችኋል? ገበያ ላይ ቅቤ ከምትሸጥ ሴት ነው" ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ቤት ገብቼ ሁሉንም ለወንድሜ አወራሁለት። በነጋታው በዚያ ወሬ ብቻ ግድግዳውን ሞላው፤ ግን አልረካም።

"አዳራሹ ጨለማ ነው አላልሽኝም? ማን ያየኛል?" አለ ከጥቂት ሳምንት በኋላ። እናቴ ለመነችው። እንቢ ሲላት ነጠላዋን ደረበችና "እንግዲያው እኔም እሄዳለሁ" አለች።

መሃላችን አስቀመጥነው። ስላይዱ ሲበራ ዞር ብዬ አየሁት፤ ውሃ እንደሚጠጣ ሰው ነበር የሚያየው። መምህሩ የሠዓሊው ዓይን መድከም ከጀመረበት ቦታ ሲደርስ በሩ ተከፈተ። የቀን ብርሃን ገባ፤ ከብርሃኑም ጋር ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች ገቡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ሊቀ መንበሩ ወደ ፊት ሄዶ "ጓድ መምህር፣ ይቀጥሉ። ሲጨርሱ ወጣቶቹን እናነጋግራቸዋለን" አለ።

የመምህሩ እጅ ከኪሱ ወጣ። "ይሄን አልነገራችሁኝም" አለ።

"ይቀጥሉ ተባሉ እኮ!" አለ ከጠባቂዎቹ አንዱ።

ቀጠለ። ግን ከቆመበት አልነበረም። "እስቲ ከመጀመሪያው እንደገና እንየው" ብሎ ወደ ቀዩ አፈር ተመለሰ። ቃል በቃል፣ ዝግ ብሎ፣ እያንዳንዱን ስላይድ ደገመው። ጊዜ እየገዛልን መሆኑ አዳራሹ ሙሉ ገባው። ቅቤ ሻጯ ስትመጣ የሳቀ ሰው አልነበረም። እናቴ በወንድሜ ጆሮ አንሾካሾከችለት፤ ከመድረኩ ጀርባ የጸሎት ቤቱ ትንሽ በር ነበረች። ወንድሜ በወንበሮቹ ሥር ተሳበ። ሁለት ስላይድ አለፈ። ተመልሶ መጣ።

"በሯን በምስማር መትተዋታል" አለ።

እናቴ እጁን ያዘችው። መብራቱ እስኪበራ አለቀቀችውም።

ከሌሎቹ ወጣቶች ጋር መኪና ላይ ጫኑት። ሊሥል ሲል እንደሚያየው አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ እናቴን አያት፤ ከዚያ እኔን።

ከተማው በመምህሩ ላይ ፊቱን አዞረ። ልጆቻችንን ለማስያዝ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው ተባለ። ሻይ ቤት ሲገባ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ባለሱቁም ሰላምታውን አይመልስለትም። ዝውውር ጠየቀ፤ ተከለከለ። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ትምህርት ቤት፣ አንገቱን ደፍቶ ይመላለስ ጀመር።

አንድ የገበያ ቀን እናቴ ሰው ሁሉ እያየ አስፋልቱን ተሻግራ ፊቱ ቆመች።

"አካም ጂርቱ፣ ባርሲሳ?" አለችው፤ እንደምን አሉ፣ መምህር።

ደነገጠ። እናቴ ቀጠለች፤ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፦ "ያ ሰውዬ፣ ዓይኑ ምን ሆነ? ልጄ ሲመጣ ይጠይቀኛል። ቤት ይምጡና ይንገሩኝ።"

በማግሥቱ መጣ። እናቴ ጩኮ፣ ያንን በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ አቀረበችለት፤ እኔ አስተረጎምኩ። ሠዓሊው ጨርሶ ታውሮ እዚያው ገጠር ቀረ አለን። ራሱ ከሣለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ የሚወጣውን ሁሉ "ቀዩ ደብዝዟል ወይ?" እያለ ይጠይቅ ነበር። ሰዎቹም "እንደ ትናንትናው ነው" ይሉታል።

"እውነታቸውን ነው?" አለች እናቴ።

"አይደለም፣ እማማ። ዝናብ ገብቶ ግማሹ ታጥቦ ነበር።"

እናቴ ሳህኑን ወደ እሱ ጠጋ አደረገችለት።

ከወንድሜ አንድ ደብዳቤ ከአስመራ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ጠፋ። መንግሥት ሲወድቅ ትጥቃቸውን የፈቱ ወታደሮች ከአዲስ አበባ በኩል በእግራቸው ይጎርፉ ጀመር። እናቴ በየቀኑ አስፋልቱ ዳር ትቀመጣለች። መምህሩ ያን ጊዜ እንደልቡ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም። ከትምህርት ቤት ሲወጣ መጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል፤ የእያንዳንዱን አላፊ ፊት አብረው ያያሉ። መንገዱ ጭር ሲል እናቴ ወደ እሱ ዞራ "ይመጣል?" ትለዋለች።

"ኒ ዱፋ" ይላታል፤ ይመጣል ማለቱ ነው፣ ከእኛ በለመዳት ኦሮምኛ።

እናቴም ዓይን ዓይኑን እያየች "ገለቶማ" ብላ ታመሰግነውና እጇን ትሰጠዋለች፤ እሱም ደግፎ ያስነሳታል።